«የእሳት ራት» ወይስ «የሌሊት ቢራቢሮ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አንድ ማታ በረንዳችን መብራት ሥር መዳፌን የሚያህል፣ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ረጅም ጭራ ያለው በራሪ አርፎ አገኘን። ልጄ «ቢራቢሮ» አለች። እኔ «የእሳት እራት» ስላት «አልተቃጠለም እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። «የሌሊት ቢራቢሮ» ብንለውስ?

መልስ፦ ያገኟት ሉና የምትባል የእሳት ራት ናት። በምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ እንዲህ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆና ከኋላ ክንፎቿ ሁለት ረጃጅም ጭራ የምታንጠለጥል ሌላ የለችም። አንቴናዋን ልብ ይበሉ፤ እንደ ላባ ነው። የቢራቢሮ ግን ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ክብሪት ራስ ያብጣል። ስሟን በ1758 እ.ኤ.አ. ያወጣላት ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ ነው፤ «ሉና» በላቲን ጨረቃ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። «የእሳት ራት ሳይንሳዊ አይደለም፣ የሌሊት ቢራቢሮ ይባል» የሚሉ አሉ። ፈረንሳይኛው እንደዚያ ይላል። እኛ ግን የራሳችን እያለን ምን አስበደረን? ስሙ የተወለደው ኩራዝ ሥር ነው። ዞራ ዞራ እሳቱ ውስጥ ትገባለች፤ እሳት ራቱን በላ! አምፖል አያቃጥልም ከተባለ፣ ደወል የሌለውን ስልክም «ደወለ» እንላለን።

ሉና ላይ ሲሆን ደግሞ ስሙ ይብስ ያምራል። ክንፍ ካወጣች በኋላ የሚሠራ አፍ የላትም። ሳምንት ያህል ሳትበላ ኖራ፣ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። የበላችው ሁሉ አባጨጓሬ ሳለች የቆረጠመችው እንደ ዋልነትና ሂከሪ ያሉ ዛፎች ቅጠል ነው። ራት የማታውቀው ራት ሆነች።

«ራት» ብዬ መጻፌን አይተዋል። አማርኛ አፉን በ«ረ» መክፈት ይከብደዋል። «ራስ»ን «እራስ»፣ «ራቁት»ን «እራቁት» ያደርጋል። ለእኔ ይቺ «እ» የአፍ እንጂ የብዕር አይደለችም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ምግብ ቤቱም የሰርግ ጥሪውም «እራት» ነው የሚለው። እርስዎም ጭምር። እሺ፣ ተሸንፌያለሁ፤ እጄ ነው እምቢ ያለኝ።

ለልጅዎ ዕድገቷን ሲነግሯት እንቁላል፣ አባጨጓሬ፣ ሙሽሬ፣ የእሳት ራት ይበሉ። ሦስተኛውን «ኩብኩባ» የሚሉ አሉ፤ አይስሟቸው። ኩብኩባ ክንፍ ያላወጣ፣ የሚዘል አንበጣ ነው። አንበጣ ደግሞ የሙሽሬ ደረጃ ጭራሽ የለውም። ሙሽሬ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍና የምትቆይ ናት። የሉና ሙሽሬ ቅጠል በለበሰ ሐር ተጠቅልላ፣ መሬት ላይ ወድቃ የአሜሪካን ብርድ ታሳልፋለች። ዝም ብላ ግን አትተኛም። ሲነኳት ትንፈራገጣለች፣ ኮሽታዋም ይሰማል። ይህን ለኩብኩባ ወዳጆች ባይነግሩብኝ ደስ ይለኛል።