ሳይንሱ ቢለወጥ እምነቴ ይናወጣል?

ጥያቄ፦ አባ፣ ይባርኩኝ። አራት ኪሎ ባዮሎጂ እማራለሁ። የፖፕ ፍራንችስኮስ መልእክት "ላውዳቶ ሲ" ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚለውን ለጓደኞቼ ሳነሳላቸው "ፖፑ ስለ ካርቦን ምን አገባቸው?" አሉኝ። ነገ ሳይንሱ ሌላ ቢልስ? ብጠራጠርስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይባርክሽ ልጄ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ይህ መልእክት፣ ቤተ ክርስቲያን በሳይንስ ጥያቄ ላይ ዳኛ ልሁን እንደማትል በቁጥር 188 ይናገራል። የምድር ሙቀት መጨመሩንና የሰው እጅ እንዳለበት የሰማችው ከተመራማሪዎች ነው። እነሱ ቢያርሙት እርማቱን ትሰማለች፤ የሚያሳፍራት ነገር የለም።

የራሷ የሆነው ሌላ ነው። ከትምህርት ቤትሽ ወደ ቀበና ወንዝ ውረጂ። ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ የሚነግርሽ ላቦራቶሪ እንጂ እኔ አይደለሁም። ያ ውሃ ግን ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ እዚያ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፤ አትክልቱም ተመልሶ ገበያችን ይመጣል። ላይ ያለው የጣለውን ታች ያለው ለምን ይብላው? ይህን ማይክሮስኮፕ አይመልስልሽም። ሰው በገነት የተቀመጠው "ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ" ነው (ዘፍ. 2፥15)፤ ቤተ ክርስቲያን በሥልጣን የምትናገረው እዚህ ላይ ነው።

ሳይንስን ሳይጠይቁ መስበክም አለ፤ አያጣንም። "ዛፍ ትከሉ" ማለት ቀላል ነው። በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ የከተማዋን የማገዶ ችግር አቃሏል፤ ውሃ እንደሚመጥ ግን እናንተ ታውቃላችሁ። የትኛው ዛፍ የት ይተከል የሚለው ከመድረክ አይወሰንም።

ስለ መናወጡ ደግሞ ጆርጅ ለሜትርን አስቢ። ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው ካሉት ቀደምቶች አንዱ ሲሆን፣ ካህን ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1951 ያንን ሳይንስ ለፍጥረት ትምህርት ምስክር አድርገው ሲጠቅሱት አልተመቸውም፤ ቲዎሪው ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው ባይ ነበር። አንቺም እምነትሽን በግራፍ ላይ አታንጠልጥይ።

አንድን የጥናት ቁጥር መጠራጠር ኃጢአት አይደለም፤ ሙያሽም ይጠይቅሻል። "ገና አልተረጋገጠም" ማለትን ግን ዝም ብሎ ለመቀመጥ ሰበብ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። የክረምት ጎርፍ ጠብቆ የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ወንዝ የሚለቅ ሰው የሚጠብቀው ማረጋገጫ የለም፤ እሱ ለኑዛዜ ይምጣ።