ስለ ግሪዝሊ ድብ የጠየቃችሁኝ

በምዕራብ አሜሪካ ግሪዝሊ የተባለው ትልቅ ቡናማ ድብ ከሰው ጋር ስለሚጋጭበት ጉዳይ ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር፤ እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ድቡ የማን ነው? የክፍለ ግዛቱ ወይስ የፌዴራል መንግሥት?

መልስ፦ ጠቡ እዚያ ላይ ነው። በአሜሪካ ከአላስካ ውጪ ያለው ግሪዝሊ ከ1975 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ይጠበቃል። ያኔ የቀረው ከ800 አይበልጥም ነበር፤ ዛሬ ወደ 2,000 ደርሷል። አርቢው «ድብ በረቴ ገባ» ብሎ ሲደውል ግን መኪና አስነስቶ የሚደርስለት የክፍለ ግዛቱ፣ የሞንታና ወይም የዋዮሚንግ፣ ባለሙያ ነው። ወጥመዱን እሱ ያጠምዳል፤ ይገደል ወይስ ይዛወር ሲባል የፌዴራሉን ፈቃድ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ ካገገመ ለምን ለግዛቶቹ አይተውላቸውም?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ ተሞክሯል። የየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ድብ በ2007 እና በ2017 ከጥበቃ ዝርዝር ወጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ፍርድ ቤት መለሰው። በመጀመሪያው ክርክር ከተነሡት ነጥቦች አንዱ፣ ድቡ የበረዶው ወራት ሳይገባ የሚወፍርበት የጥድ ፍሬ በበሽታና በጥንዚዛ ማለቁ ነበር። በሁለተኛው ዋዮሚንግና አይዳሆ ለአደን ተዘጋጅተው ሳለ ፍርዱ ደረሰ። አርቢዎቹ ቢማረሩ አልፈርድባቸውም።

ጥያቄ፦ ሐረር ላይ ጅብ ከሰው እጅ ይበላል። ድቡንስ እንዲሁ ማላመድ አይቻልም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድሁት፤ አሜሪካኖች የሚመስለውን ሞክረዋልና። በየሎውስቶን ፓርክ ጎብኚው አግዳሚ ላይ ተደርድሮ፣ ግሪዝሊ በሆቴል ትራፊ ላይ ሲሻማ ያይ ነበር። የመጨረሻው የቆሻሻ መጣያ በ1970 ሲዘጋ በትራፊ ያደገው ድብ ወደ ድንኳንና ወደ መንደር ወረደ፤ ብዙውም ተገደለ። ሴቷ የምትወልደው በሦስት ዓመት አንዴ ያህል ስለሆነ የሞተው ቶሎ አይተካም። ዛሬም ድቡን የሚያስገድለው ያልተከደነ የዶሮ መኖ፣ ደጅ ያደረ የውሻ ምግብ፣ ከዛፉ ሥር የረገፈ ፖም ነው። መድኃኒቱ የኤሌክትሪክ አጥር ነው። አንዳንዱ ሽቦው ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ ይቀባል፤ ድቡ በርጥብ አፍንጫው ሊያሸት ሲጠጋ ይነዝረዋል፣ ያን ግቢ ይተዋል።

ጥያቄ፦ ጥጃው ለተበላበት ማን ይክሳል?

መልስ፦ ሞንታና ለዚህ ያቋቋመችው ቦርድ አለ። ጣጣው ማስረጃው ላይ ነው። መርማሪው የጥጃውን ቆዳ ገፎ ከሥሩ ደም መርጋቱን ያያል፤ ከረጋ በሕይወት ሳለ ተነክሷል፣ ካልረጋ ድቡ ያገኘው ሞቶ ሊሆን ይችላል። በሰፊው ግጦሽ ላይ ደግሞ ብዙው በድን ሳይገኝ ይቀራል፤ ላልተገኘው ማን ይመስክር? በሞንታናው ብላክፉት ሸለቆ የሞተ ከብት ከየግቢው በመኪና ይሰበሰባል፤ ድብ የሚጠራ ሽታ እንዳይኖር።

ጥያቄ፦ ድንገት ብገናኘውስ?

መልስ፦ አይሩጡ፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ድቡ ሲመጣብዎ ፊቱ ላይ የሚረጩት የበርበሬ መርጫ ቀበቶዎ ላይ ይሁን፤ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ አይደርሱበትም። ሲገዙም የአገልግሎት ዘመኑ አለማለፉን ይመልከቱ።