የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የከተማው ዕቅድ እኛ ሼድ ድረስ እንዴት ይደርሳል?

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ ከጅማ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ የተለያየ ሥራ ላይ ቢሆኑም የሚጠይቁት ተቀራራቢ ነው፤ «ዘላቂና አካታች የአካባቢ ኢኮኖሚ ዕድገት» ተብሎ በከተማ ምክር ቤት የሚጸድቀው ዕቅድ እነሱ ዘንድ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?

«የጊንጆ ነዋሪ ነኝ። በዕቅዱ ላይ እንድንወያይ ተጠርተን፣ እጃችንን አውጥተን እንመለሳለን። ሐሳባችን ዕቅዱ ውስጥ እንዲገባ መቼና እንዴት ብናቀርበው ይሻላል?»

የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። በሰኔ መጨረሻ የሚጠራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ሐሳብ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ገንዘቡ ከተደለደለ በኋላ የደረሰ ነው። መሥሪያ ቤቶች የበጀት ጥያቄያቸውን የሚያሰናዱት ከዚያ ቀደም ብለው ስለሆነ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በጽሑፍ ያስገቡ። ደብዳቤውን ለቀበሌው ጽፈው ለሥራ ዕድል ፈጠራ ጽሕፈት ቤትና አካባቢዎን ለሚወክለው የምክር ቤት አባል ግልባጭ ያድርጉ፤ ከመዝገብ ቤትም ቁጥርና ቀን ይቀበሉ።

ይዘቱ ደግሞ ዋጋ ሊወጣለት የሚችል ይሁን። «ለወጣቱ ሥራ ይፈጠር» የሚለውን ማንም አይቃወመውም፣ ማንም ግን በጀት አይዝለትም። «ለማምረቻ ሼዱ የሦስት ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመር ይግባልን፤ ርቀቱ 150 ሜትር ነው፤ ተጠቃሚዎቹ እነዚህ ናቸው» ካሉ ግን መሐንዲስ ሊያሰላው ይችላል። አንድ ነገር ይጨምሩ፦ የሼድ ግንባታ ከካፒታል በጀት፣ ጥገናና ጥበቃው ደግሞ ከመደበኛ በጀት ነው የሚወጣው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ደብዳቤ ይጠይቁ።

«ስድስት ሆነን በእንጨት ሥራ ተደራጅተናል። የተማሪ ዴስክ ጨረታ ሲወጣ ወይ አቅማችሁ አይፈቅድም እንባላለን፣ ወይ አሸንፈን ገንዘብ ያጥረናል። ችግሩ የእኛ ነው ወይስ የጨረታው?»

ከሁለቱም አለበት፤ ከጨረታው እንጀምር። 600 ዴስክ በአንድ ሎት (በአንድ የጨረታ ጥቅል) ከወጣ ትልቅ ድርጅት ብቻ ይወዳደራል። ያው ሥራ 100 እያለ በስድስት ሎት ቢከፈል እንደ እናንተ ያለ ማኅበር ይገባበታል። እኛ እንደምናየው፣ አንድ ከተማ አካታች መሆኑና አለመሆኑ የሚለየው በዕቅዱ መግቢያ ላይ በሰፈረው ቃል ሳይሆን እዚህች ላይ ነው። ሎቱ እንዲከፋፈል የሚጠየቀውም ጨረታው ከወጣ በኋላ ሳይሆን ዓመታዊ የግዥ ዕቅድ ሲዘጋጅ ነው።

የጨረታ ማስከበሪያው ከከበዳችሁ ሰነዱን ደግማችሁ አንብቡ። በፌዴራል የግዥ መመሪያ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በባንክ ዋስትና ፈንታ ከአደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ ይችሉ ነበር፤ ቅድሚያ ክፍያም እስከ 30 በመቶ ይፈቀድ ነበር። የእናንተ ጨረታ የሚመራው በክልሉ ሕግ ስለሆነ ተመሳሳዩ ይፈቀድ እንደሆነ ዋጋ ከመሙላታችሁ በፊት ገዢውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቁ። የሞላችሁት ዋጋ 15 በመቶውን ቫት ያካትት አያካትት መግለጹም አይረሳ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለስሌት ያህል 100 ዴስክ በ4,500 ብር አሸነፋችሁ እንበል፤ ጠቅላላው 450,000 ይሆናል። ለእያንዳንዱ ዴስክ 3,000 ብር ማቴሪያል ከገባ 300,000፣ የስድስት ሰው የ30 ቀን አበል በ400 ብር ሂሳብ 72,000፣ በድምሩ 372,000 ብር ያስፈልጋል። 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ብታገኙ 135,000 ነው፤ 237,000 ብር ከራሳችሁ ወይም ከብድር መምጣት አለበት። ሥራው አንድ ወር፣ ክፍያው ደግሞ ከርክክብ በኋላ ሁለት ወር ቢወስድ የሦስት ወር ወለድ ትከፍላላችሁ። በዓመት 18 በመቶ ቢታሰብ 10,665 ብር፣ ማለትም በአንድ ዴስክ 107 ብር ገደማ ነው። ይህን ዋጋው ውስጥ ሳያስገባ የሚወዳደር ማኅበር ጨረታውን አሸንፎ ትርፉን በወለድ ያጣል። መፍትሔው ውሉ ላይ ርክክቡ በሁለት ዙር እንዲሆን ማስጻፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ 50 ተረክበው ሲከፈሉ ሁለተኛውን ዙር በዚያው ገንዘብ ትሠራላችሁ፤ የምትበደሩትም በእጅጉ ይቀንሳል።

ከእናንተ በኩል ያለው ችግር በአብዛኛው እርጥብ እንጨት ነው። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ከመጋዝ ቤት የመጣ ጣውላ ሳይደርቅ ከተገጠመ ከጥቂት ወራት በኋላ ማጋጠሚያው ይላላል፣ ገጹ ይጣመማል፣ ያኔ ዋስትናው ይያዛል። የዴስክ እንጨት እርጥበቱ ከ12 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ መለኪያ መሣሪያውን ለየብቻ መግዛት ከከበደ በሼዱ ያሉ ማኅበራት አንድ ላይ ይግዙት። ጣውላውን ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ እኩል ውፍረት ያላቸው ርብራብ እንጨቶች እያስገባችሁ፣ ከጣሪያ በታች ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ደርድሩ። ርብራቦቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ካልዋሉ ጣውላው እዚያው ክምሩ ላይ ይጎብጣል። የጣውላውን ሁለት ጫፎች ቀለም ቅቧቸው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከጫፍ ነው። ዋንዛ የምትገዙ ከሆነ የመጣበትን የሚያሳይ ፈቃድ ከሻጩ ተቀበሉ፤ ከተወረሰ የዴስኩ ቀንም አብሮ ያልፋል።

«የቡና መቀሸሪያዎች የሚጥሉትን ገለፈት ወስደን ብሪኬት ከሰል ለመሥራት ስምንት ወጣቶች ተነሥተናል። ያዋጣል?»

ጥሬ ዕቃው አይጠፋም። ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ሲቀሸር ለአንድ ኪሎ ቡና አንድ ኪሎ ያህል ገለፈት ይወጣል። ነገር ግን 100 ኪሎ ደረቅ ገለፈት ከስሎ የሚሰጠው ከ25 እስከ 30 ኪሎ ብቻ ነው፤ ገለፈቱ ደግሞ ክብደቱ ትንሽ፣ የሚይዘው ቦታ ብዙ ነው። በኢሱዙ ጭኖ ከተማ ማዶ ማሻገር ገንዘቡን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። መክሰያው መቀሸሪያው አጠገብ፣ ከመኖሪያ ቤት ራቅ ብሎ ይሁን። ከከተማው የምትጠይቁትም ይህንኑ ቦታ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 200 ሊትር በርሜል መሐል ብዙ ቀዳዳ ያለው የጭስ ቧንቧ አቁማችሁ ዙሪያውን ገለፈት ሙሉ፤ ያለ ቧንቧው ገለፈቱ ስለሚታፈን መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ካቀጣጠላችሁት በኋላ ወፍራሙ ነጭ ጭስ ስስና ሰማያዊ ሲሆን ክደኑና ዙሪያውን በጭቃ መርጉ። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይከፈት፤ ትኩሱን የከፈተ ሰው አየር ሲገባ ዳግም ተቀጣጥሎ አመድ ያገኛል። ለ100 ኪሎ ዱቄት ከሰል ከ5 እስከ 8 ኪሎ ዱቄት በገንፎ መልክ አብስላችሁ ለማያያዣ ቀላቅሉ። ሸክላ አፈርም ይሠራል፤ ግን ከ15 በመቶ ሲያልፍ እሳቱ ይደክማል፣ አመዱ ይበዛል። ቅልቅሉን በእጅ ስትጨብጡት ውኃ ሳያንጠባጥብ ቅርጹን መያዝ አለበት። ከታተመ በኋላ ከ3 እስከ 5 ቀን ፀሐይ ላይ ይደርቅ፤ ከወገብ ከፍታ ሲጣል የሚፈረፈር ከሆነ ማያያዣው አንሷል።

ገለፈቱ የሚበዛውም ፀሐዩ የሚገኘውም ከኅዳር በኋላ ስለሆነ የዓመቱን ምርት በነዚያ ወራት አምርታችሁ ለክረምት በጣሪያ ሥር ማከማቸት አለባችሁ፤ በክረምት ከሰል ይወደዳልና። ለገዢም ይህን ንገሩ፦ ብሪኬትም እንደ ማንኛውም ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

«በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከመንገድ ዳር ተነሥተን አዲስ ቦታ ሊሰጠን ነው። ጉሊት ሻጮች ነን፤ ከመካከላችን በዊልቸር የምትሠራ እህት አለች። ምን እንጠይቅ?»

ከሁሉ በፊት የተነሺዎቹ ስም ዝርዝር ላይ ስማችሁ መኖሩን አረጋግጡ፤ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው በኋላ ቅሬታውን ማሰማት ይከብደዋል። ቀጥሎ አዲሱን ቦታ በሐሙስ የገበያ ቀንም በሌላም ቀን ሄዳችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት እግረኛ እንደሚያልፍ ቁጠሩና ከአሁኑ ቦታችሁ ጋር አነጻጽሩ። ቁጥሩ ግማሽ ከሆነ ሽያጫችሁም ወደዚያው ያዘነብላል፤ ስለዚህ የባጃጅ ማቆሚያው ወደ ገበያው በር እንዲጠጋ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ኪራይም እንዲቀነስ በዚያ ማስረጃ ጠይቁ። የጎርፍ መውረጃ፣ ውኃና መጸዳጃ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ያልቁ።

ስለ እህታችሁ፦ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዛል። ራምፑ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራው ተዳፋት መወጣጫ) ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይኑረው። መግቢያው 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ 7.2 ሜትር ራምፕ ያስፈልጋል፤ ሁለት ሜትር ላይ አቋርጠው የሚሠሩት አቀበት ዊልቸርን ወደ ኋላ ይገለብጣል። ስፋቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር አይነስ። መደቡም ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ኖሮት ሥሩ ክፍት ይሁን፤ ጉልበቷ የሚገባበት ካላገኘች ሚዛኑ ላይ አትደርስም።

«ቤት የለኝም። የልብስ ስፌት ማሽኖቼን አስይዤ መበደር እችላለሁ?»

ይችላሉ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፤ መያዣው የሚመዘገበው በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው መዝገብ ነው። የግዥ ደረሰኝና የማሽኑን መለያ ቁጥር ይያዙ። ደረሰኝ የሌለው ማሽን የእርስዎ መሆኑን ማሳመን ስለሚከብድ ያገለገለ ሲገዙም የሽያጭ ውል ያስጽፉ። አበዳሪው ከገበያ ዋጋው ዝቅ አድርጎ ይገምተዋል፤ ስለዚህ የሚፈልጉትን ገንዘብ በማሽኑ ሙሉ ዋጋ አያስሉ።