አንድ ግቢ፣ ሦስት ተከራይ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግንባታ ዕቃ ማከፋፈያ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኮምፒውተር ትንሽ ስለምነካካ የቢሮው ችግር ሁሉ እኔ ላይ ይወድቃል። ሦስት ያረጁ ኮምፒውተሮች አሉን፤ አንዱ የሒሳብ ፕሮግራሙን፣ ሁለተኛው የጋራ ፋይሎችን፣ ሦስተኛው የሠራተኛ መግቢያና መውጫ ሰዓትን ይዟል። አለቃዬ «ሰርቨር የሚባለውን ገዝተን እንገላገል» ይላሉ። ጓደኛዬ ደግሞ ሦስቱም በቨርቹዋላይዜሽን አንድ ማሽን ላይ መሥራት ይችላሉ አለችኝ። ከደሴ ያገለገለ ዴስክቶፕ አስመጥቻለሁ፤ ሚሞሪው 8 ጊጋባይት ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አብሽሪ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። መጀመሪያ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅለሽ ክዳኑን ክፈቺና ሚሞሪውን አውጥተሽ ጠበቅ አድርገሽ መልሺው። የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወርዶ የመጣ ማሽን አልነሣ ሲል፣ እኔ በቅድሚያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ቨርቹዋላይዜሽን፣ ማለትም አንዱን ኮምፒውተር እንደ ብዙ ማሽን ማሠራት፣ አዲስ ነገር አይደለም። አይቢኤም ቪኤም/370 የተባለውን ሥርዓት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። እንዳንቺ ባለ ተራ ዴስክቶፕ ላይ ግን በደንብ መሥራት የጀመረው ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006 ድጋፉን ፕሮሰሰራቸው ውስጥ ካስገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ ያንቺም ማሽን ሳይኖረው አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ ግን ባዮስ በሚባለው፣ ማሽኑ ሲነሣ በሚከፈተው ማስተካከያ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል። ኢንቴል ከሆነ «ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ»፣ ኤኤምዲ ከሆነ «ኤስቪኤም» የሚለውን ፈልገሽ ክፈቺው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ፕሮግራም አከራይዋ እትዬ ናት እንበል። ቨርቹዋል ማሽኖቹ ተከራዮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ግቢው የብቻው ይመስለዋል። ፕሮሰሰሩ ማድ ቤቱ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ምጣድ አይጥዱምና በተራ ይዳረሳል። ሚሞሪ ግን መኝታ ክፍል ነው። ሌሊት ሁሉም ይተኛል፤ በተራ አይባልም። አስቢው፤ ለአከራይዋ 2 ጊጋባይት፣ ሒሳቡን ለያዘው ዊንዶውስ 4፣ ሰዓት ለሚመዘግበው 4፣ ለፋይሎቹ ሊኑክስ 2 ብትሰጪ 12 ሆነ። በ8 አይሆንም፣ በ16 ግን ይተርፍሻል። አለቃሽ ለሰርቨር ካሰቡት ገንዘብ ላይ ትንሽ ቆንጥረው ሚሞሪና ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ይግዙልሽ። ሚሞሪ ስትገዢ የማሽንሽ ዓይነት ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 ለይተሽ ሂጂ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ለመለማመድ ቨርቹዋልቦክስ የሚባለውን ሃይፐርቫይዘር አሁን በምትሠሪበት ኮምፒውተር ላይ ጫኚ። እንደማንኛውም ፕሮግራም ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሁለት ሳምንት እየተሳሳትሽ ተማሪበት። ለቢሮው ሥራ ግን በቀጥታ ማሽኑ ላይ የሚጫነውን ፕሮክስሞክስን እመርጣለሁ። ያለ ክፍያ ይሠራል፣ መሠረቱም ከሊኑክስ ጋር አብሮ የሚመጣው ኬቪኤም የተባለ ሃይፐርቫይዘር ነው። የቪኤምዌር ኩባንያን ሃይፐርቫይዘር የሚያመሰግኑልሽ ይኖራሉ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ብሮድኮም ኩባንያውን በ2023 ከገዛው በኋላ ኢኤስኤክስአይ የተባለውን ሃይፐርቫይዘር ነጻ ቅጂ በ2024 አቆመው፣ በ2025 መለሰው። እኔ እንዲህ ወጣ ገባ ከሚል እንግዳ ጋር ቤት አልሠራም።

አንድ ነገር አደራ፦ ፕሮክስሞክስ ሲጫን የመረጥሽለትን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። አይለምንሽም። በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል አገናኚው። ከዚያ በኋላ ስክሪን አያስፈልገውም፤ ከሌላ ኮምፒውተር ብራውዘር ላይ የማሽኑን አድራሻና 8006 የሚለውን ቁጥር ጽፈሽ ትገቢያለሽ። ብራውዘሩ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ይልሻል፣ ፕሮክስሞክስም በገባሽ ቁጥር የድጋፍ ክፍያ እንደሌለሽ ያስታውስሻል፤ ሁለቱም አያስደንግጡሽ። ዊንዶውስ ስትጭኚ «ዲስክ የለም» ካለሽ ደግሞ ቨርቹዋል ዲስኩን እንዲያውቅ የሚያደርገውን የቪርትአይኦ ድራይቨር ስላላቀረብሽለት ነው። እኔ እዚህ ጋ አንድ ሙሉ እሑድ አቃጥያለሁ።

ስታዛውሪ ከፋይሎቹ ጀምሪ፣ ሒሳቡን መጨረሻ አድርጊው። አሮጌው የሒሳብ ኮምፒውተርም ቢያንስ አንድ ወር ጠፍቶ እዚያው ጥግ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዩፒኤስ የግድ ነው፤ ከአሁን በኋላ አንዱ ሲወድቅ ሦስቱም ይወድቃሉና።

ጥያቄ፦ ቨርቹዋል ማሽኖቼን በየቀኑ ስናፕሾት፣ ማለትም የዚያን ሰዓት ሁኔታቸውን የሚያስቀር ምስል፣ አነሣቸዋለሁ። ለምን ሌላ መጠባበቂያ ቅጂ ያስፈልገኛል? — ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

መልስ፦ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰኞ ገበያ አጠገብ ላለ አንድ ሱቅ አራት ቨርቹዋል ማሽኖች በአንድ ዲስክ ላይ አቆምኩ። ስናፕሾት ነበረኝ፣ ያውም 11። አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለና ዲስኩ ሞተ። ስናፕሾቶቹም አብረው ሄዱ፤ ለካ የተቀመጡት እዚያው ሟቹ ላይ ነው! ባለሱቁ አልተቆጡኝም። ሻይ አስቀድተው የወረቀት ደረሰኞቹን በካርቶን አምጥተው ፊቴ ዘረገፉት፣ ሦስት ሌሊትም አብረን መልሰን መዘገብን። አሁን ፕሮክስሞክሱ ዘወትር አርብ በተነቃይ ዲስክ ላይ ሙሉ ቅጂ ያስቀምጣል። ዲስኩም ከሱቁ ጋር አያድርም፤ ቅጂው ሲያልቅ ባለሱቁ ከጋቢያቸው ሥር ይዘውት ወደ ቤታቸው ይወጣሉ።