ፀሐይ ላይ የተመዘገበ ዝናብ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ጠየቀኝ። ጣሪያው ላይ የአየር ሁኔታ መለኪያ ተክሏል። "ዶፍ ሲወርድ ስልኬ ላይ ዜሮ ይላል። በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ ዝናብ ይመዘግባል። ሴንሰሩን ልቀይረው?" አለኝ።

ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ያኔ የሜትዎሮሎጂ ቴክኒሻን ነበርኩ። ጎጃም ደጋ ውስጥ አንድ አዛውንት የዝናብ ታዛቢ ነበሩ። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የእጅ መለኪያውን አይተው መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ጭቃ ቢሆን፣ በዓል ቢሆን፣ ለቅሶም ቢኖርባቸው አያስተጓጉሉም። የሚከፈላቸው ግን ጫማ እንኳ አይገዛም። በኋላ ከጎኑ አውቶማቲክ መለኪያ ተተከለ። አንድ ክረምት የሁለቱ ቁጥር ተለያየ። እሳቸው ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ወረደ ይላሉ። ማሽኑ ደግሞ ትንሽ ዝናብ፣ ያውም እኩለ ቀን ላይ! ቢሮው ማሽኑን አመነ። "ቤታቸው ቁጭ ብለው ነው የሚሞሉት" ተባሉ። አዛውንቱ "ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም" ብለው መዝገቡን አስረክበው ሄዱ።

በኋላ ማሽኑ ሲከፈት የመቀበያው ቀዳዳ በቅጠልና በሸረሪት ድር ተደፍኖ ተገኘ። ውሃው ከላይ መቀበያው ውስጥ ተጠራቅሞ ገሚሱ ይፈሳል፤ የቀረው በማግስቱ ጠብ ጠብ እያለ ይቆጠራል። ይቅርታ ሊጠይቃቸው የሄደ ሰው የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የዛሬ ልጆች ስልኩ ያለውን ቶሎ ታምናላችሁ፤ ሲሳሳት ደግሞ ቶሎ አዲስ ትገዛላችሁ። መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቱ። ውስጡ በየተራ ሞልተው የሚገለበጡ ሁለት ትንንሽ ገንዳዎች አሉ። ማሽኑ የሚቆጥረው መገልበጣቸውን ነው። ስለዚህ የተተከለበት ምሰሶ በንፋስ ከተወዛወዘ ሳይዘንብም ይቆጥራል። ጣሪያ ላይ መትከሉን የማልወደው ለዚህ ነው። በረዶ ጥሎ ቆይቶ ሲቀልጥ ዘግይቶ ቢቆጠር ግን ብልሽት አይደለም።

ካጸዳችሁ በኋላ ፈትሹት። የመቀበያው አፍ ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 314 ሚሊ ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። ቀስ እያላችሁ አንጠባጥቡት፤ ባንዴ ከደፋችሁት አሳንሶ ይቆጥራል። ከዛፍና ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁም ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ አስቀምጡ። ዝናቡ እንዳባራ በማስመሪያ ለኩትና ከማሽኑ ቁጥር ጋር አስተያዩት።

ማሽን አትመኑ ማለቴ አይደለም። ሌሊት በየደቂቃው ስንት እንደዘነበ ነቅቶ የሚቆጥር ሰው የለም። እኔም አቅሙ ቢኖረኝ እገዛ ነበር።

ብቻ ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ጻፉ። የተሳሳተውን ቁጥር አትሰርዙት። ከመቼ ጀምሮ እንደተደፈነ የገመታችሁትን ከጎኑ አስፍሩ።