መልስ፦ ያማሃ ዲቲ 125፣ ነጭ ጭስና በራሱ የሚጮህ ሞተር

ወንድሜ፣ ዲቲ 125 ሞተርሳይክልህ ነጭ ጭስ እያጨሰ በራሱ እንደሚጮህ ጽፈሃል፤ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀይረህለትም ጭሱ ካልቆመ፣ ሲሞቅ ደግሞ ጋዝ ሳትሰጠው ሚኒሞው (ቆሞ ሲሠራ ያለው ዙር) ብቻውን ከፍ የሚል ከሆነ ካርቡራቶሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ለጊዜው ተወው። እኔ የምጠረጥረው የኮሎውን (ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ) ፓራሊዮ፣ ማለትም ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚዘጋውን የጎማ ቀለበት ነው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር የቤንዚንና የአየር ድብልቁን መጀመሪያ የሚስበው ኮሎው ወዳለበት ክፍል ስለሆነ ያ ክፍል ከውጭ አየር ማስገባት የለበትም። በማግኔቱ (ኤሌክትሪክ አመንጪው) በኩል ያለው ፓራሊዮ ሲደርቅ ትርፍ አየር ይገባል፣ ድብልቁ ይሳሳል (ቤንዚን ያንሰዋል)፣ ሞተሩ ይጮሃል፤ ዝም ካልከው ፒስተኑን ይበላዋል። በፍሪሲዮን (ክላች) በኩል ያለው ሲያረጅ ደግሞ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ተስቦ ይቃጠላል። ዘይቱን ለካ፤ መሬት ላይ ሳይፈስ እየቀነሰ ከሆነ ሌባው ተገኘ። የአንተ ምልክት የሁለቱም ስለሚመስል ጥንዱን ቀይር።

ማረጋገጥ ከፈለግህ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) መውጫና የካርቡራቶሩን መግቢያ በጎማ ድፈን፣ ፒስተኑን ወደ ታች አውርድ፣ በካንዴላው (እሳት ሰጪው) ቀዳዳ 0.4 ባር ገደማ አየር ስጠው። የብስክሌት ፓምፕ ይበቃል፤ ግን ቀስ በል፣ ከበዛ ደህናውን ፓራሊዮ ያበላሸዋል። ከዚያ የማግኔቱን ክዳን አውልቀህ የሳሙና አረፋ ቀባ፤ አረፋው ከተነፋ እዚያ ጋ አየር ያፈሳል። የሲሊንደሩን ጓርኒሲዮንም (መጋጠሚያው ላይ ያለውን ማሸጊያ) አትርሳ።

ሲሊንደሩን ከፈታህ አይቀር ቶርኖ ቤት (ብረት መቅረጫ) አስለካው። ሞላላ ከሆነ ፋሻ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ስትገጥም የፋሻው ጫፎች ፒስተኑ ላይ ባለችው ትንሽ ፒን ግራና ቀኝ ይቀመጡ፤ የስፒኖቶውን (ፒስተኑን ከዘንጉ የሚያያይዘውን ፒን) መያዣ ሽቦዎችም አዲስ ግዛ፣ አሮጌውን አትመልስ።

ዘይት ለሞተሩ የሚያደርሰውን የዘይት ፓምፕ ካላመንከው በ1 ሊትር ቤንዚን 30 ሚሊ ሊትር ዘይት ቀላቅለህ ንዳ። የባለ ሁለት ምት ዘይት ማለቴ ነው፣ የመኪና አይደለም።