ክሪድሞርህን አትመልሰው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ6.5 ክሪድሞር ጥይት የሚሠራ አዲስ የአደን ጠመንጃ ገዛህ። የመጀመሪያው ቀን በ100 ያርድ 3 ጥይት ተኩሰህ ግማሽ ኢንች ውስጥ ገቡልህ። በሳምንቱ በዚያው ጠመንጃ፣ በዚያው ጥይት 1.6 ኢንች ተበተነብህ። ከዚያ ሰው ጠየቅክ። አንዱ «3 ጥይት ይበቃል፣ አዳኝ አራተኛ አይተኩስም» አለህ። አንዱ «ከ10 በታች ቀልድ ነው» አለህ። ሌላው ደግሞ 30 ሳትተኩስ አፍህን አትክፈት አለህ። አንተ የፈለግከው ግን አንድ መልስ ነው፤ ሱቅ ልመልሰው ወይስ ልተወው?

አትመልሰው። ምናልባት ምንም አልሆነም።

እኔም እዚህ ኮሎራዶ ከመጣሁ በኋላ የመጀመሪያውን የአደን ጠመንጃ ስገዛ እንዳንተው ነበርኩ። የመጀመሪያዋን 0.4 ኢንች ግሩፕ (አንድ ነጥብ ላይ አነጣጥረህ የተኮስካቸው ጥይቶች ወረቀቱ ላይ የሚተዉት የቀዳዳ ስብስብ) ቆርጬ ኪስ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኳት። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ሳይቀር ለሰው አሳይቻለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ በኋላ የሚበተኑትን «ዛሬ እጄ ልክ አይደለም» እያልኩ እጥላቸዋለሁ። አንድ ዓመት ያህል ጠመንጃዬ «የግማሽ ኢንች ጠመንጃ» ነው ብዬ አምኜ ኖርኩ።

አንድ በጋ ግን እልህ ያዘኝ። በሦስት የተለያዩ ቀናት 3 ጥይት፣ 3 ጥይት እያደረግኩ 10 ግሩፕ ተኮስኩ። ምንም አልጣልኩም። ትንሿ 0.4፣ ትልቋ 1.6፣ አማካዩ 1 ኢንች ሆነ። ቀጥሎ ወረቀቶቹን ያነጣጠርኩበትን ነጥብ ገጣጥሜ አንዱን ባንዱ ላይ ደረብኩና መስኮት ላይ ለጠፍኳቸው። 30ውም ቀዳዳ አንድ ላይ ሲታይ ስፋቱ 2 ኢንች ገደማ! ያው ጠመንጃ ነው፣ ያው ጥይት ነው፣ ያው እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህል ከጆንያ መሬት ላይ ሲፈስ አይተሃል? መሐሉ ይከመራል፣ ዳር ዳሩ ይሳሳል። የጠመንጃህ ጥይቶችም ወረቀት ላይ የሚያርፉት እንደዚያ ነው። ከክምሩ ዓይንህን ጨፍነህ 3 ፍሬ ብታነሳ አንዳንዴ ሦስቱም ከመሐል ይመጡልሃል፣ አንዳንዴ አንዷ ከዳር ትመጣለች። 10 ፍሬ ስታነሳ ግን ከዳር ያለው መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የጥይቱ ቁጥር ሲጨምር ግሩፑ ይሰፋል። የተበላሸ ነገር ኖሮ አይደለም። በሂሳቡ መሠረት የ3 ጥይት ግሩፑ በአማካይ 1 ኢንች የሆነ ጠመንጃ በ5 ጥይት 1.27፣ በ10 ጥይት 1.6 ገደማ፣ በ30 ጥይት ደግሞ ወደ 2 ኢንች ይጠጋል። ያ ጠመንጃ በ3 ጥይት ብቻ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.4 እስከ 1.7 ኢንች ድረስ ይወርዳል፣ ይወጣል።

አሁን ያንተን ቁጥሮች እያቸው። 0.5 እና 1.6። ሁለቱም እዚያው ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ዕድል ሳቀልህ፣ ሁለተኛው ቀን ዞረብህ።

ስለዚህ በ3 ጥይት የሚምለውና በ10 የሚምለው ሲጨቃጨቁ፣ አንዱ «ጠመንጃዬ 1 ኢንች ነው» ሌላው «1.6 ነው» ሲሉ፣ ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ዓይነት ጠመንጃ ነው የሚያወሩት። የጥይቱን ቁጥር ሳይነግርህ «ንዑስ ኤምኦኤ ነው» ለሚልህ ሰው ስንት ጥይት፣ ስንት ግሩፕ ብለህ ጠይቀው። (ኤምኦኤ መበተን የሚለካበት ትንሽ ማዕዘን ነው፤ 1 ኤምኦኤ በ100 ያርድ 1.047 ኢንች ነው፣ ንዑስ ማለት ከዚያ በታች። አውሮፓ ያላችሁ በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲ ሜትር በሉት።) እንደ ዌዘርቢ ያሉ የጠመንጃ ፋብሪካዎች የሚሰጡት ዋስትና እንኳን በ3 ጥይት ነው። ቤንችሬስት፣ ማለትም ከጠረጴዛ ላይ ተኩሶ ትንሿን ግሩፕ የማግኘት ውድድር፣ የሚወዳደሩት ደግሞ 5 ግሩፕ በ5 በ5 ጥይት ተኩሰው አማካዩን ይወስዳሉ። 25 ጥይት ማለት ነው። የጥይት ፋብሪካው የሆርናዲ መሐንዲሶችም ከጥቂት ዓመታት በፊት ትንንሽ ግሩፕ ያታልላል፣ 20 እና 30 ተኩሱ ብለው ከተናገሩ ወዲህ ክርክሩ ባሰበት። በሂሳቡ ልክ ናቸው። ግን የጥይቱን ዋጋ ማን ይከፍልልናል?

ደግሞ ስለ «ፍላየር»፣ ከሌሎቹ ስላፈነገጠችው ጥይት። «አራቱ አንድ ቀዳዳ ናቸው፣ አምስተኛዋ አትቆጠርም» የሚል ሰው ሁሌም አለ። ልጅ ሆኜ በብሔራዊ ውትድርና ክላሽ ስናስተካክል በ100 ሜትር 4 ጥይት ነበር የምንተኩሰው። የሶቪየቶቹ መመሪያ እንደሚለው አራቱም፣ ወይ አንዷ ካፈነገጠች ሦስቱ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ከገቡ በቂ ነው። ይኸው፣ መጣል ይፈቀዳል ትለኝ ይሆናል። ልብ በል ግን፤ እዚያ የሚፈለገው የጥይቶቹን መሐል አግኝቶ ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ነው። የጠመንጃውን መበተን መለካት ሌላ ሥራ ነው። ለመለካት ከሆነ ያፈነገጠችውም ያንተው ናት። እኔ ራሴ የማከብረው አንድ ደንብ አለኝ፤ ምላጩን እንደሳብኩ፣ ወረቀቱን ሳላይ፣ «ተበላሸች» ብዬ ድምፄን አውጥቼ ካልተናገርኩ ትቆጠራለች። ካየሁ በኋላ የሚመጣ ሰበብ አልቀበልም።

በጣም የከሰርኩት ግን ጥይት ሳማርጥ ነው። አራት ዓይነት ጥይት ገዝቼ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ የ3 ጥይት ግሩፕ ተኮስኩ። አንደኛው 0.6 ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ በዚያው ሳምንት 10 ፓኮ ገዛሁ። ቤት አምጥቼ በደንብ ስሞክረው ከአራቱ ሦስተኛ ወጣ። አራት ሰው ሎተሪ ቆርጦ ለአንዱ ቢደርሰው ጎበዝ ሎተሪ ቆራጭ አትለውም አይደል? ጥይት ስታወዳድር ከእያንዳንዱ ቢያንስ 10 ተኩስ። ልዩነቱ 0.2 ኢንች ከሆነ እርሳው፤ ርካሹን ግዛ።

አንተ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ሰደፉን ከጠመንጃው አካል ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖችና የስኮፑን (የማነጣጠሪያ መነጽሩን) ማሰሪያዎች በቶርክ መፍቻ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው መፍቻ፣ አረጋግጥ። እኔ አንዴ ሻጩን ልሰድበው ስልኬን ካነሳሁ በኋላ ነው የስኮፔ ማሰሪያ በጣት እንደሚዞር ያየሁት። ያሰርኩት ራሴው ነበርኩ። ከዚያ ፊትና ኋላ የአሸዋ ከረጢት አድርግ፤ በርሜሉ ራሱ ምንም ላይ አይረፍ። 5 ጥይት ተኩስ፣ በርሜሉ እጅህን የማያቃጥል እስኪሆን ጠብቅ፣ እዚያው ወረቀት ላይ ሌላ 5። የአደን በርሜል ቀጭን ነው፤ 10 ጥይት አከታትለህ ካወረድክበት የምትለካው ሙቀቱንም ጭምር ነው። ስትለካ ሁለቱን በጣም የተራራቁ ቀዳዳዎች ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለክተህ የጥይቱን ስፋት፣ ላንተ 0.264 ኢንች፣ ቀንስ። 10ሩ 2 ኢንች ውስጥ ከገቡ በሰላም ግባ። 3 ኢንች ካለፈ ሌላ ጥይት ሞክር፣ ያኔም ካልተሻለው ስለ መመለስ እናወራለን።

የምታድነው አጋዘን ከሆነ ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ 8 ኢንች ገደማ ነው። በ100 ያርድ 2 ኢንች የሚበትን ጠመንጃ በ300 ያርድ 6 ኢንች ይበትናል። ነፋሱንና ያንተን ትንፋሽ ሳንቆጥር። እኔ ከጠረጴዛ ላይ 1 ኢንች የምተኩሰው ሰውዬ ቁጭ ብዬ ክርኔን ጉልበቴ ላይ ሳደርግ 4 ኢንች እሆናለሁ። ተራራ ላይ ደግሞ ጠረጴዛ የለም። ስለዚህ የተረፈህን ጥይት እዚያ ላይ አውጣው።

አንድ የቀረኝ አለ፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። «አዳኝ አራተኛ አይተኩስም» ያለህ ሰውዬ ግማሽ እውነት አለው። ለአዳኝ የምታስፈልገው ከቀዝቃዛ በርሜል የምትወጣው የመጀመሪያዋ ጥይት ናት። ስለዚህ አንድ ወረቀት ለብቻው ያዝ። ሬንጅ (ተኩስ መለማመጃ ቦታ) በሄድክ ቁጥር ሌላ ምንም ሳትተኩስ የመጀመሪያዋን ጥይት እዚያች ወረቀት ላይ ተኩስ፣ አጠገቧ ቀኑን ጻፍ፣ ጠቅልለህ ቤት ውሰዳት። በሰኔ ጀምረህ ጥቅምት ላይ ስትደርስ 10 ምናምን ቀዳዳ ይኖርሃል፤ በሙቀትም በብርድም፣ ተኝተህ በተነሳህበትም ባልተኛህበትም ቀን የተተኮሱ። ያቺ ወረቀት የምትሰጥህን ቁጥር ማንም ሊከራከርህ አይችልም። የኔዋ 14 ቀዳዳ አላት፤ ስፋቷ 2.3 ኢንች ነው። አምና በኅዳር መጀመሪያ በ180 ያርድ አንድ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) የጣልኩት እሷን አምኜ ነው። ጾመ ነቢያት ቶሎ ስለገባ ግን አብዛኛው ሥጋ እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ቆየ።